ስድስተኛው የበቆሎ መፈልፈያ

«ፉፋ ዕቃ ጀምሮ አይጨርስም» ብዬ በስብሰባ ላይ ተናግሬበታለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ጸሐፊ ስላልነበረን ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም እኔው ነበርኩ። ዛሬ ያን ወረቀት ባገኘው ቀድጄ አቃጥለው ነበር። የተባለውን ግን አያጠፋልኝም።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ነው። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ሆነን በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ የምንሠራ የብረትና የእንጨት ባለሙያዎች ማኅበር ነበርን። በርና መስኮት እንሠራለን፤ የተማሪ ወንበር እንሠራለን፤ ማረሻ እንቀጠቅጣለን። እኔ ረዲ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያ ዳር ጨርቅና ጨው ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔን ግን አዲስ አበባ ልኮ ሁለት ዓመት ንድፍ አስተማረኝ። ስመለስ በማስመሪያና በእርሳስ የማልፈታው ችግር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሊቀመንበር ያደረጉኝም ለዚሁ ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ አንብቤ መልሱን የምጽፈው እኔ ነኛ።

ፉፋ የአርጆ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሃምሳን አልፏል። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ነው። ብረት ሲያግል ግን እኛ ሁላችን ሥራችንን ትተን እናየው ነበር።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ እንድንሠራ ታዘዝን። ነገሩ የሚያስፈልግ ነገር ነበር። በአካባቢያችን ሴቶች በቆሎ የሚፈለፍሉት በአውራ ጣታቸው ነው፤ በምርት ጊዜ የጣታቸው ቆዳ ይላጥና ጨው መንካት ያቅታቸዋል። እኔ ትእዛዙን ባየሁ በሦስተኛው ቀን ባለ ሦስት ገጽ ንድፍ ይዤ መጣሁ። ፉፋ ንድፉን አገላብጦ አየና «ጥሩ ሥዕል ነው» ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝ። ከዚያ ከተጣለ የሣጥን እንጨትና ከአሮጌ መኪና ጥርስ አንድ አስቀያሚ ነገር ሠራ። ባለ ጥርስ ጎማ አለው፤ በቀኝ እጅ እጀታውን ታዞራለህ፣ በግራ እጅ በቆሎውን በአፉ ታጎርሰዋለህ፣ ፍሬው ከታች ይወርዳል።

«ይህን ለሰው ልናሳይ ነው?» አልኩት።

«አዎ። ካማረ አይነግሩንም» አለኝ። «ያማረ ነገር አመጡልን ብለው ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ይኼን ግን አይፈሩትም።»

የፉፋ አሠራር ይህ ነበር። አንድ ብቻ ይሠራል። ይዞት ይሄዳል። አንዲት ሴት እጅ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ ይቀመጥና አፉን ይዘጋል። ሲመለስ አንዲት ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ሁለት አይለውጥም፤ ሁለት ከለወጥክ የትኛው እንደበጀ አታውቅም ይላል። እንደገና ይዞት ይሄዳል። እኔ ልጠይቃት ስል ደግሞ ክንዴን ይይዘኛል።

«አትጠይቅ፣ ረዲ። እዚህ አገር እንግዳ ያመጣውን ነገር መጥፎ ነው የሚል ሰው የለም። እጇን እይ።»

የምንሄደው ወደ አኖ ነበር፤ በአዲስ አበባ መንገድ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በጭነት መኪና። ሐሙስ ወንዶቹ የገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ላይ ስለሚውሉ ሴቶቹ ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኛሉ ብዬ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የምትሞክርልን ቀለሟ ትባላለች። ኦቦ ደረሳ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ የልጃቸው ሚስት ናት፤ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሳቂታ ነበረች። እጇ ደግሞ ፈጣን፤ ገና መኪናው ሳይሄድ እጀታውን ትይዘው ነበር።

በመጀመሪያው እጀታው አጭር ሆነና ትከሻዋ ተነሣ፤ አስረዘምነው። በሁለተኛው፣ አዲሱ ምርጥ ዘር በቆሎ ወፍራም ስለሆነ አፉ አላስገባ አለ፤ አሰፋነው። ሦስተኛው ፍሬውን ግቢው ውስጥ በትኖ ዶሮዎቹን ሰርግ አስበላቸው። በአራተኛው ትልቁ ችግር ተፈታ። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ስታዞረው እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር። ፉፋ በረጅም አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ገጠመው። ቀለሟ እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ፣ ፈረስ ላይ እንደሚወጣ ሰው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ክብደቷ አግዳሚውን ያዘው፣ ማሽኑም ጸጥ አለ። አንድ ኩንታል ለመሙላት የፈጀባት ጊዜ በጣም አጭር ስለነበረ ጎረቤቶቿ ተራ ይዘው ሞከሩት። ሲሳሳቁ ነበር፤ አንዷ አግዳሚውን እንደ በቅሎ መታ መታ ስታደርገው እኔም ሳቅሁ። የዚያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራተኛውን በቀለም እርሳስ ነድፌ አስቀመጥኩት።

«አበቃ፤ ጨረስን» አልኩት ፉፋን።

«ሌላ ቀን እንየው» አለ።

ለአምስተኛው ጊዜ ስንሄድ ሐሙስ አልሆነልንም፤ መኪናው ተበላሽቶ ቅዳሜ ደረስን። ለውጣችን እጀታው ላይ ያስገባነው የእንጨት መያዣ ብቻ ነበር። ግቢው ስንገባ ኦቦ ደረሳ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ተቀበሉን፤ አንድ በአንድ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን። ቀለሟ መጣች፤ ሰላምታ ሰጠችን፤ ነጠላዋን አስተካክላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለት እግሯን ግን በአንድ ወገን አድርጋ፣ በጎን ነበር የተቀመጠችው። ማሽኑን ለማዞር ወገቧን ጠምዝዛ፣ ግራ እጇን በደረቷ አሳልፋ ማጉረስ ነበረባት። አግዳሚው ይወዛወዛል። አንድ ሁለት ጊዜ በቆሎው ሲያመልጣት እጇ ወደ ጥርሱ ሄዶ ተመለሰ።

እኔ ይህን አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ሴትዮዋ ዛሬ ደክሟታል ብዬ ነው። ፉፋ በረንዳውን አየ፣ ቀለሟን አየ፣ አገጩን ማሸት ጀመረ። እኔ ክንዴን ሳይይዘኝ ቀድሜ ጠየቅኋት።

«ቀለሟ፣ እንዴት ነው? ተመቸሽ?»

«ጋሪ ዻ» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ደገመችው፣ «በጣም ጥሩ ነው። ገለቶማ» ብላ አመሰገነችን።

ደብተሬን አውጥቼ ቀኑንና ቃሏን ጻፍኩ።

ስንመለስ መንገዱ አጋማሽ ላይ ፉፋ እንዲህ አለኝ፦

«በባሏ አባት ፊት እግሯን ከፍታ አትቀመጥም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ እዚህ አገር አንዲትም ምራት አታደርገውም። በቆሎ ደግሞ የሚፈለፈለው እቤት ነው፤ ሽማግሌው ባለበት። እኛ ባዶ ቤት ስንሞክር ከርመናል።»

«ትነግረን ነበራ።»

«ምን ብላ? እግሬን መክፈት አፍራለሁ ብላ ለአንተ ለጎልማሳው ትንገርህ?» አለና ሳቅ አለ። «ስድስተኛውን እግር እናወጣለታለን፤ ቆማ ታዙረው። አፉንም በጣም አስፍተነዋል፤ እጅ የሚመልስ የብረት ከንፈር ይደረግለት።»

«ቀጥሎ ደግሞ ሰባተኛ ትላለህ።»

«እላለሁ» አለ ያለ ምንም ሐፍረት።

በሰኔ መጨረሻ ጓድ ወሰኔ መጣ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በየወረዳው የሚታደለውን ነገር የሚያሰባስበው እሱ ነው። አጭር፣ ቁጡ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነበር። ከመስከረም በፊት መቶ ሃያ መፈልፈያ ይፈልጋል።

«ናሙናው ተጠናቋል?» አለኝ።

ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ዘመኑ አልችልም የሚባልበት ዘመን አልነበረም፤ ያንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን እውነቱን ለመናገር ጓድ ወሰኔ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ቡልጋሪያ ለሥልጠና ከሚላኩት መካከል ስሜን እንዳስገባ ነግሮኝ ነበር። ልቤ አብጦ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰው መሀል ሆኜ የቡልጋሪያን በረዶ አስባለሁ።

«ተጠናቋል» አልኩት። «በተጠቃሚዎች ተሞክሮ ተደግፏል።» ደብተሩን ከፍቼ የቀለሟን ቃል አሳየሁት። ጋሪ ዻ የሚለውን ለሱ ለሸዌው ተረጎምኩለት።

ፉፋ በስብሰባው ተነሥቶ «ሦስት ሳምንት ስጡኝ፤ ሁለቴ ብቻ አኖ ልመለስ» ሲል ነው ያንን የተናገርኩት። «ጓዶች፣ ፉፋ ዕቃ ጀምሮ አይጨርስም። አምስት ሠራ፤ አምስቱም አልጥምህ አሉት። ገበሬው ግን የሚጠብቀው መፈልፈያ ነው፤ የፉፋን ምርምር አይደለም።» አንዳንዱ ሳቀ። ፉፋ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ ሲናገር አልሰማሁም።

ውሳኔው ግን ገና ነበር፤ ብዙዎቹ ፉፋን ያከብሩት ስለነበር ነገሩ ለሚቀጥለው ሳምንት አደረ። በዚያው ሳምንት የፉፋ እኅት አርጆ አረፈችና ለቀብር ሄደ። ሐዘን ተቀምጦ እስኪመለስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ በአሥራ ሁለቱ ቀን ውስጥ የመቶ ሃያውን አግዳሚ እንጨት አስቆረጥኩ። የአምስተኛው ልክ ነው የተቆረጠው። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ሌላ እንጨት የሚሰጠን የለም።

ፉፋ ሲመለስ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ነበር። የተደረደረውን እንጨት ከዳር እስከ ዳር በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። ይቆጣል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ስጠብቅ ላሜራ የት እንዳለ ብቻ ጠየቀኝ። ቢያንስ የብረት ከንፈሩን ላድርግበት ብሎ ቀን ከሌት ይቀጠቅጥ ጀመር። ላሜራው አለቀ፤ ከአሮጌ በርሜል ቆረጠ፤ እሱም አለቀ። መኪናው ሊጭን ሲመጣ አርባ አንዱ ከንፈር ነበረው፤ ሰባ ዘጠኙ አልነበረውም።

አሁን የምጽፈው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ያልተናገርኩት ነው። ለበዓሉ አኖ ላይ በሕዝብ ፊት የመጀመሪያውን ማሽን የምትቀበለው ቀለሟ እንድትሆን ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የለፋች ናት፤ ይገባታል። የእሷን ማሽን ከመቶ ሃያው መሀል በገዛ እጄ መረጥኩላት። ፉፋ የበርሜል ከንፈር ያደረገባቸው የመዶሻ ምልክት የነበረባቸው፣ ዝገት የታየባቸው ነበሩ፤ ለመድረክ አይሆኑም። ስለዚህ ልሙጡን፣ ቀይ ቀለም የተቀባውን፣ ከንፈር የሌለውን መረጥኩ። እንዲያምርላት ብዬ ነው።

መድረኩ ላይ ስትቀበል ፈገግ አለች። ኦቦ ደረሳ ከታች ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ምራታቸው በሕዝብ ፊት ስትከበር የዚያን ቀን ነው ያዩት።

በታኅሣሥ፣ በቆሎው ሲሰበሰብ፣ ወደ አኖ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ወደ አዳራሹ መጣና በር ላይ ቆሞ «የናንተ ማሽን የቀለሟን እጅ በላው» አለ። የሆነው ነገር ውስብስብ አልነበረም፤ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ነው የሚገድለኝ። ኦቦ ደረሳ የተሸለመችውን ማሽን ስትሠራበት ለማየት ወንበራቸውን አስወጥተው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። እሷ እንደ ልማዷ ሁለት እግሯን በአንድ ወገን አድርጋለች። አግዳሚው ሲወዛወዝ ግራ እጇ ወደ ሰፊው አፍ ገባ። ሦስት ጣት።

ነቀምቴ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ስደርስ ፉፋ ቀድሞኝ ቆሞ ነበር። ይዞኝ ወጣ።

«ከንፈር ያለው ነው የደረሳት?»

«አይደለም» አልኩ።

«ማን መረጠላት?»

«እኔ።»

በማግስቱ መዶሻውንና ጉጠቱን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ አርጆ ሄደ። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ እስከ ዛሬ የምመልስለት ነገር ይኖረኝ ነበር። ቡልጋሪያም ሌላ ሰው ሄደ። በዚያ እንኳ አላዘንኩም።

በበጋው ማሽኖቹን ልሰብስብ ብዬ ብቻዬን በየመንደሩ ዞርኩ። መቶ ሃያው የት እንዳሉ በስም ዝርዝር ይዣለሁ። አንዱ የእንስራ ማስቀመጫ ሆኗል። አንዱ ጎማው ወልቆ የልጆች መጫወቻ ሆኗል። አብዛኞቹ ቀለማቸው እንኳ አልተነካም፤ ጥርሳቸው ላይ አንድ የበቆሎ ገለባ የለም። ከአሥሩ ቤት በዘጠኙ ሴቶቹ በጣታቸው ሲፈለፍሉ አገኛለሁ። ማሽኑ እንዴት ነው ስል ግን ሁሉም ያው ናቸው። ጋሪ ዻ። ጋሪ ዻ። ገለቶማ። አንዷ እንዲያውም እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ አለችኝ፤ የእሷ አውራ ጣት በጨርቅ ታስሮ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ የምጽፈው አጣሁ።

የቀለሟን ቤት መጨረሻ አስቀረሁት። ድፍረት ስላጣሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ኦቦ ደረሳ በረንዳው ላይ ነበሩ። ተነሡልኝ። የምራታቸውን እጅ ያጎደልኩባቸው ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን እንደ ድሮው ስለ አባቴ ጤና፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። መሬት በተከፈተችና በገባሁ። ቀለሟ ከጓዳ ወጣች። ግራ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ረዲ» ብላ ጤናዬን ጠየቀችኝ።

«ቀለሟ» አልኩ፣ «እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ነው የመጣሁት። በዚያን ቅዳሜ በጎን ስትቀመጪ አይቼ ነበር። እንደማይመችሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሽማግሌውን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየች።

«ማሽኑ ጥሩ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያላወቅኩበት።»

የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ሆነች። ኦቦ ደረሳ «ኮቱ ታኢ፣ ና ተቀመጥ፤ እንግዳ ቆሞ አይነጋገርም» አሉና ወደ ግድግዳው አመለከቱ። ቀለሟ በቀኝ እጇ እየጎተተች መቀመጫ አመጣችልኝ። ቀይ አግዳሚ ነው። ጎማው ወልቋል፤ ለእንግዳ መቀመጫ አድርገውታል።

ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ናቸው። እኔም በእኒያ ሰው ፊት እግሬን ግራና ቀኝ አድርጌ ልቀመጥ አልቻልኩም፤ ነውር ሆነብኝ። ሁለት እግሬን በአንድ ወገን አድርጌ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ተወዛወዘ። እንዳልወድቅ ግራ እጄን ሰድጄ የያዝኩት የድሮውን አፍ፣ እኔ ያሰፋሁትን ቀዳዳ ነበር፤ አራት ጣቴ እስከ መዳፌ ገባ። ነድፌዋለሁ፣ አስቆርጬዋለሁ፣ ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ወር ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

ቀለሟ ስወዛወዝ አይታኛለች። ጎንበስ ብላ፣ በእውነት ተጨንቃ ጠየቀችኝ።

«መቀመጫው አልተመቸዎትም እንዴ?»

ኦቦ ደረሳን አየኋቸው፤ እሷን አየኋት። ዓይኔን መሬት ላይ አደረግኩ።

«ጋሪ ዻ» አልኳት።